ሮው ወይስ ጄፔግ? ነጠላ አቃጥዬ የተማርኩት

ወንድሜ፣ «የሰርግና የክርስትና ፎቶ አነሳለሁ፤ ሮው ካርድ ከመሙላት በቀር ምን ያደርግልኛል? ዳይናሚክ ሬንጅ ይጨምራል የሚባለውስ እውነት ነው?» ላልከው የደረሰብኝን ልንገርህ።

አይጨምርም። ዳይናሚክ ሬንጅ ማለት ከጥቁሩ እስከ ነጩ ምን ያህል መያዝ እንደሚቻል ነው፤ ይህን የሚወስነው ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል ነው። ሮው የሚባለው ፋይል ሴንሰሩ የያዘውን እንዳለ ያስረክብሃል። ጄፔግ፣ የተለመደው የፎቶ ፋይል ላይ ግን ካሜራው ራሱ ኤዲት አድርጎ፣ ጨምቆ፣ የተረፈውን ይጥለዋል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው፤ 14 ቢት ሮው (ቢት ሲበዛ ደረጃው ይበዛል) 16,384።

ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ክርስትና እያነሳሁ ነበር። ረፋድ 4 ሰዓት፣ የአዲስ አበባን ፀሐይ ታውቀዋለህ። እናትየው በሐበሻ ቀሚስና በነጠላ ፀሐይ ላይ፣ አያትየው ጥቁር ካፖርት ለብሰው ዛፍ ጥላ ውስጥ። የሳቸው ፊት እንዲታይ ብዬ ብርሃኑን ከፈትኩት፣ በጄፔግ። ቤት ገብቼ ሳየው ነጠላው የለም! እጥፋቱ የለ፣ ሽመናው የለ። ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ ሃይላይቱን፣ ደማቁን ክፍል ብጎትተው ነጩ ግራጫ ሆነ እንጂ አንድ ክር አልመለሰልኝም። እናትየው አይታ «ነጠላዬ ፌስታል መሰለ እኮ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቦታ ሮው ነው። ለነጩ ልብስ ብዬ ከ1 ስቶፕ (ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ) ያላነሰ አጨልማለሁ፤ ፊቱን በኋላ ከጥላው አወጣዋለሁ። ግን እንዳትዘናጋ፣ ሮውም ላይ ሙሉ በሙሉ የተቃጠለ፣ ማለትም ብርሃን በዝቶበት ባዶ ነጭ የሆነ አይመለስም። ካሜራው ስክሪን ላይ የምታየው ሂስቶግራም (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳይ ግራፍ) ደግሞ ሮው እያነሳህም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ካሜራው ለማሳያ ከሚያዘጋጀው ጄፔግ የተሠራ ነው። ስክሪኑ «ተቃጠለ» ብሎ ብልጭ ድርግም ሲልብህ ሮው ውስጥ ትንሽ ሊተርፍ ይችላል። እኔ ግን እሱን ተማምኜ አላውቅም።

ማታ አዳራሽ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። አይኤስኦ (በጨለማ ፎቶውን የሚያደምቀው የካሜራ ቅንብር) ሲጨምር ዳይናሚክ ሬንጁ ይቀንሳል፤ ጨለማውን ጎትቼ አወጣለሁ ካልክ አሸዋ የተነሰነሰበት ፎቶ ነው የምታገኘው። እዚያ ሮው የሚያስፈልግህ በዋናነት ለዋይት ባላንስ፣ ማለትም የመብራቱን ቀለም ለማረም ነው። በሐምራዊ መብራት ሥር የቆመች ሙሽራን በጄፔግ ማስተካከል ፍዳ ነው።

በቴሌግራም ቶሎ ላክ ለሚልህ ሰው ጄፔግ ይበቃል። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የማነሳው። ካርዱ ይሞላል ያልከው ልክ ነው፤ መፍትሔው ሌላ ካርድ መያዝ ነው።

ያንን የክርስትና ፎቶ በመጨረሻ ጥቁርና ነጭ አድርጌ አስረከብኩ። አያትየው ወደዱት።