ላረገዘች ውሻ የካልሲየም ክኒን ይሰጣል?

ጥያቄ፦ 5 ኪሎ የምትመዝን ትንሽ ውሻዬ ካረገዘች ስድስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። የምትበላው ከሉካንዳ የሚመጣ ሥጋና ሩዝ ነው። ጎረቤቴ «ስታጠባ እንዳትንቀጠቀጥ ከአሁኑ የካልሲየም ክኒን ጀምሪላት» አለችኝ። ስንት ልስጣት?

መልስ፦ እስክትወልድ ድረስ ክኒኑን አይስጧት። ምክሩ ከቅን ልብ ቢመጣም የሚጋብዘው ያንኑ የተፈራውን መንቀጥቀጥ ነው። የደም ካልሲየም ሲቀንስ አንገት ላይ ያሉት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች በሆርሞናቸው ከአጥንት ካልሲየም ያስወጣሉ፤ ከአንጀት የሚገባውም እንዲጨምር ያደርጋሉ። በእርግዝናዋ ክኒን ከተደረበላት ዕጢዎቹ ሥራ ይፈታሉ። ከወለደች በኋላ ካልሲየሙ ወደ ወተት ሲጎርፍ ታዲያ ቶሎ አይደርሱላትም።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ምግቧ ነው። ሥጋና ሩዝ ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም እምብዛም የላቸውም፤ ለ1 እጅ ፎስፈረስ ከ1 እስከ 1.5 እጅ ካልሲየም ያስፈልጋታል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀላቀሉ ወደ ተሟላ የቡችላ ደረቅ ምግብ ያሸጋግሯትና ጡት እስክታስጥል በዚያው ትቆይ። ሥጋው ከዕለት ምግቧ ከአንድ አሥረኛ አይለፍ። ደረቅ ምግቡ ካልተገኘ የቤቱን ምግብ ማስተካከል ይቻላል፤ መጠኑን ግን የእንስሳት ሐኪም ያስላው። የአንድ ዕንቁላል ቅርፊት ብቻውን ወደ 2 ግራም ካልሲየም ስላለው በግምት የሚነሰነስ አይደለም።

የመንቀጥቀጡ አደጋ የሚበረታው ከወለደች በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ነው፤ ትንንሽ ዝርያዎችና ብዙ ቡችላ የወለዱት ይበልጥ ይጠቃሉ። መቁነጥነጥ፣ ማለክለክ፣ ቡችሎቿን ችላ ማለት፣ እግሯን አድርቃ መራመድ ካዩ ይጠንቀቁ። ከዚያ ጡንቻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቷ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ራሷን ትስታለች።

ምልክቱን እንዳዩ ቡችሎቹን ለይተው ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት፤ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠብቁ። እየተንቀጠቀጠች በአፏ ምንም አይስጧት፣ ትታነቃለች። ሐኪሙ 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር፣ የልብ ምቷን እያዳመጠ፣ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ቀስ አድርጎ ይሰጣታል፤ ከተቻኮለ ልቧ ሊቆም ይችላል። ለላም የተዘጋጀ የካልሲየም መርፌ ቤት ውስጥ እንዳይሞከርባት አደራ።

ቡችሎቹ ቢያንስ 24 ሰዓት አይጥቧት፤ ለቡችላ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ይጠጡ። ሦስት ሳምንት ከሞላቸው በውኃ የራሰ የቡችላ ምግብ ያስለምዷቸው። የሚዋጥ ካልሲየም ቦታው እዚህ ነው፦ ሐኪሙ በክብደቷ ልክ እያዘዘላት፣ ማጥባት እስክታቆም።