ፕሪሴፕተር ለምትፈልጊው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቨርጂኒያ ውስጥ በማታ ፈረቃ አር ኤን (ፈቃድ ያላት ነርስ) ሆነሽ እየሠራሽ፣ በኦንላይን ፋሚሊ ነርስ ፕራክቲሽነር (ኤንፒ፣ ራሱ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ ነርስ) ለመሆን እየተማርሽ ነው። ክሊኒካልሽ፣ ታካሚ እያየሽ የምትማሪበት ልምምድ፣ ጃንዋሪ ላይ ይጀምራል። ትምህርት ቤቱ “ፕሪሴፕተር ራስሽ ፈልጊ” ብሎሻል፤ ክሊኒክ ውስጥ አጠገብሽ ሆኖ የሚያሠለጥንሽን ባለሙያ ማለት ነው። በስንት ልመና ያገኘሽው ሰው ደግሞ ገንዘብ ጠየቀሽ። ልክፈል ወይስ ልታገስ ነው ያልሽው። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ፕራይመሪ ኬር ክሊኒክ የምሠራ ኤንፒ ነኝ። አሁን ተማሪም እቀበላለሁ። በሁለቱም በኩል ያየሁትን ልንገርሽ።

ሲጀመር ራስሽን አትውቀሺ። ሐኪሞች ተመርቀው ረዚደንሲ (የሆስፒታል ስልጠና) ሲገቡ ሜዲኬር፣ የመንግሥቱ የጤና መድን፣ ለስልጠናው ለሆስፒታሎቹ ይከፍላል። ለኤንፒ ተማሪ እንዲህ ያለ ቋሚ በጀት የለም። ስለዚህ ብዙው ፕሪሴፕተር በነጻ፣ ከራሱ ጊዜ ቀንሶ ነው የሚያስተምረው። የክሊኒክ ቀን ደግሞ በ15 እና በ20 ደቂቃ የተሸነሸነ ነው። ተማሪ በያዘበት ቀን ምሳው ይቀራል፣ ቻርቱንም (የታካሚ መዝገቡን) ቤቱ ገብቶ ይጨርሳል። ያችኑ ቦታ የሕክምና ተማሪውም፣ የፒኤ (የሐኪም ረዳት) ተማሪውም፣ የሌላ ትምህርት ቤት የኤንፒ ተማሪውም ይፈልጋታል። በዚያ ላይ በ2022 የወጣው የኤንፒ ትምህርት ብሔራዊ መስፈርት ዝቅተኛውን የክሊኒካል ሰዓት ከ500 ወደ 750 ከፍ አድርጎታል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ እኔ የመጨረሻ አማራጭ አድርጊው እላለሁ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ለፕሪሴፕተር መክፈልን ጭራሽ አይፈቅድም። የሚፈቅድ ቢሆንም እንኳ ትምህርት ቤቱ ሰውየውን መቀበሉን በጽሑፍ ሳታገኚ አንዲት ዶላር እንዳትልኪ። ፈቃዱን በግዛቱ የነርሲንግ ወይም የሕክምና ቦርድ ድረ ገጽ ላይ እይ። ካልተሳካ ገንዘብሽ እንደሚመለስ የሚል ውልም ይኑርሽ። ከፍለው ቦታውን ካገኙ በኋላ ትምህርት ቤቱ “ይህ ፕሪሴፕተር መስፈርቱን አያሟላም” ያላቸው ልጆች አውቃለሁ። በጣም ያሳዝናል።

ፍለጋውን ሥራሽን ከሚያውቁ ሰዎች ጀምሪ። የምትሠሪበት ክፍል የሚመጡትን ኤንፒዎችና ሐኪሞች ጠይቂ። ራሳቸው ባይችሉ እንኳ “እገሌን አናግሪ” ይሉሻል። ለማያውቁሽ ሰዎች ከሚላክ ብዙ ኢሜይል ይልቅ ይቺ አንዲት ቃል ትሠራለች። የኮሚዩኒቲ ሄልዝ ሴንተሮችን አትለፊ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ የሐበሻ ክሊኒኮችንም አንኳኪ። የሕፃናትና የሴቶች ጤና ሮቴሽን (የልምምድ ዙር) ለማግኘት ከሁሉም ያስቸግራሉ፤ እነሱን አስቀድሚ። ሰው ከተገኘ በኋላም በትምህርት ቤቱና በክሊኒኩ መካከል የሚፈረመው ውል ወራት ሊፈጅ ይችላል። ወደ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ልትሻገሪ ካሰብሽ፣ ትምህርት ቤትሽ እዚያ ተማሪ መላክ ይፈቀድለት እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ። ለዲሲ የራሱ የነርስ ፈቃድ ያስፈልግሻል።

ስትጽፊላቸው አጭር አድርጊው። ስንት ሰዓት፣ በየትኞቹ ቀናት፣ ከመቼ እስከ መቼ። ሁለት ነገር ጨምሪበት። አንደኛ፣ ከ2020 ጀምሮ በሜዲኬር ደንብ ፕሪሴፕተሩ የኤንፒ ተማሪ የጻፈውን ኖት (የምርመራ ማስታወሻ) እንደገና መጻፍ የለበትም፤ አይቶ፣ አረጋግጦ መፈረም ይችላል። ብዙዎች ይህን አያውቁም፣ ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ግዛቶች መስፈርቱን ለሚያሟላ ፕሪሴፕተር የታክስ ቅናሽ ይሰጣሉ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ቦታ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ እዚያ ገብቶ መማር ሌላ። ጥግ ላይ ቆሞ ሲያይ ውሎ ሰዓቱን የሚያስፈርም ተማሪ ብዙ ነው። ያ ተማሪ ነገ ብቻውን መድኃኒት ያዛል። በመጀመሪያው ሳምንት ፕሪሴፕተርሽን በግልጽ ጠይቂ፦ “ታካሚውን መጀመሪያ እኔ ልየውና ላቅርብልዎ?” እንደ ነርስ ያየሽውን መናገር ለምደሻል። እዚህ የሚፈለገው “ይህ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው፣ ይህን ባዝስ” ማለት ነው። እኛ ታላቅ ፊት ዝም ማለትን ጨዋነት ብለን ነው ያደግነው። እዚህ ግን ዝም ካልሽ አታውቅም ይሉሻል። ብትሳሳቺም ተናገሪ፤ የሚያርምሽ ሰው አጠገብሽ ያለው አሁን ነው።

አማርኛሽ ትልቅ ሀብት ነው፣ ግን ተጠንቀቂ። አብራኝ የሠራች አንዲት ተማሪ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸውን እናት ገብታ አየቻቸው። ቻርቱ ላይ “መድኃኒት በአግባቡ ይወስዳሉ” ይላል። እሷ ግን “እማማ፣ ጾም ላይ እንዴት ነው የሚያደርጉት?” አለቻቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም መድኃኒትም አይቀምሱም ለካ! ለሐኪሙ ሁሉ “አዎ፣ እወስዳለሁ” ሲሉ ኖረዋል። ልጅቷ ወጥታ ጉዳዩን አቀረበች፣ የሰዓት ለውጡንም ራሷ አሰበችበት። እኔ ያደረግኩት ስኳራቸው ጾም ላይ እንዳይወርድ የመድኃኒቱን መጠን አብሬያት ማየት ብቻ ነው። ትምህርት ማለት ይህ ነው። በሌላ ክሊኒክ ደግሞ አማርኛ የምትችል ተማሪ ከክፍል ክፍል እየተጠራች ስታስተረጉም ትውላለች። ሰዓቷ ይሞላል፣ አንድ ታካሚ ግን በራሷ አልመረመረችም። ይህ ሲጀምር ገና በጊዜው “ታካሚዋን ራሴ ልያት” በዪ። ደግሞ ሰፈራችን ጠባብ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምታውቂያቸው ሰው ሊገቡ ይችላሉ። ሌላ ሰው ያያቸው ዘንድ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂያቸው፣ ምርጫውን ለእነሱ ተዪ።

ከማታ ፈረቃ ወጥተሽ ቀጥታ ክሊኒክ እንዳትገቢ። መንገዱም ታካሚውም ያሳስበኛል። ከማናጀርሽ ጋር ስለ ቅዳሜና እሁድ ፈረቃ ከአሁኑ ተነጋገሪ።

ገንዘብ ለጠየቀሽ ሰው መልስ ከመስጠትሽ በፊት ዛሬውኑ ለክሊኒካል ኮኦርዲኔተርሽ ጻፊ። ቨርጂኒያ ውስጥ ውል ያላቸውን ክሊኒኮች ዝርዝር፣ እና ፕሪሴፕተር ካላገኘሽ ምን እንደሚያደርጉልሽ ጠይቂ። በሳምንት ውስጥ ካልመለሱልሽ ወደ ፕሮግራም ዳይሬክተሯ ሂጂ። የላኩልሽን መልስ ስምሽን አጥፍተሽ እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።