ከባለቤቴ ደብቄ ገንዘብ ማስቀመጤ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከባለቤቴ ጋር በተክሊል ከተጋባን 6 ዓመታችን ነው። ሁለታችንም ደመወዝተኞች ነን። እኔ ነገን የምፈራ ቆጣቢ ነኝ፤ እሱ ደግሞ እጁ አይያዝም። ባለፈው ዓመት ሳያማክረኝ ለወንድሙ ብድር ዋስ ሆነ፤ ወንድሙ መክፈል ሲያቅተው ዕዳው እኛ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ እሱ የማያውቀው የባንክ ሒሳብ ከፍቼ በየወሩ አስቀምጣለሁ። ወሬው በተነሣ ቁጥር «ባል የሚስት ራስ ነው» ይለኛል፤ ከዚያ ሳምንት ሙሉ እንኳረፋለን። አሥራትም «ይውጣ» ሲል እኔ «ዕዳው ይቅደም» እላለሁ። ከቅዱስ ቁርባን ከራቅን ወራት ሆነን። የደበቅሁት ገንዘብ ኃጢአት ነው? ከየትስ እንጀምር?

መልስ፦ እኅታችን፣ አንቺ ቆጣቢ እሱ ለጋስ መሆናችሁ ኃጢአት አይደለም። አንዱ ሲይዝ ሌላው ሲዘረጋ ነው ቤት ሚዛኑን የሚጠብቀው። በደሉ መደባበቁ ነው፤ እሱ ዋስትናውን፣ አንቺ ሒሳቡን። ያንቺ ከእሱ በኋላ መምጣቱና ከፍርሃት መነሣቱ ያቀለዋል እንጂ ንጹሕ አያደርገውም።

ከትዳር ጓደኛ መደበቅን የሚያጸድቁ ሰዎች አቢግያን መጥቀስ ይወዳሉ። እውነት ነው፤ በ1ኛ ሳሙኤል 25 ላይ 200 እንጀራ፣ 2 አቁማዳ ወይን፣ 5 የተዘጋጁ በጎችና ሌላም ጭና ለዳዊት ስትወስድ ለባሏ ለናባል አልነገረችውም። ነገር ግን ዳዊት 400 ያህል ሰዎች አስከትሎ፣ ሰይፍ ታጥቆ ወደ ቤቷ እየመጣ ነበር። ደግሞም ምዕራፉን እስከ ቁጥር 37 ላነበበው፣ ራሷ ነግራዋለች። ማታ ሰክሮ ስላገኘችው ዝም ብላ አሳደረችው፤ ሲነጋና ስካሩ ሲበርድለት ግን ሁሉን ዘረዘረችለት። የእሷ ምሥጢር ያደረው አንድ ሌሊት ነው።

ባለቤትሽ የሚጠቅሰው ቃል ኤፌሶን 5፥23 ላይ አለ። ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ 25ን ቢያነብ፣ ራስነቱ የሚለካው ክርስቶስ ራሱን ስለ ቤተ ክርስቲያን አሳልፎ በመስጠቱ እንደ ሆነ ያገኘዋል። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ባልና ሚስት ለጸሎት እንኳ ከመኝታ የሚለያዩት በመስማማት ይሁን ብሏል። ለጸሎት ስምምነት ካስፈለገ ለብድር ዋስትናማ እንዴት አያስፈልግም? ዋስትና ሲፈርም ስለ ወንድሙ ጠባይ የመሰከረ ይመስለዋል፤ የፈረመው ግን ወንድሙ ባይከፍል ከእናንተ ቤት እንደሚከፈል ነው። ምሳሌ 6፥1-5 ዋስ የሆነውን ሰው ሳትተኛ ሂድና ራስህን አድን የሚለው ለዚህ ነው።

ከየት እንጀምር ላልሽው፣ ከራስሽ ጀምሪ። በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልለይ፦ ባለቤትሽ የሚማታ፣ ደመወዝሽን የሚነጥቅ፣ ወይም ገንዘቡን በቁማርና በመጠጥ የሚጨርስ ከሆነ ከዚህ በታች ያለው አይመለከትሽም፤ አስቀድመሽ ለንስሐ አባትሽና ለምታምኚው ሰው ንገሪ፣ ገንዘቡም ባለበት ይቆይ። ከጥያቄሽ ግን እንዲህ ያለ ሰው አይመስልም።

ንግግሩን ማታ አታድርጊው፤ ደመወዝ በገባበት ቀንም፣ ዘመድ ገንዘብ ጠይቆ በደወለበት ቀንም አይሁን። ሁለት ሦስት ቀን አስቀድመሽ «ቅዳሜ ጠዋት ስለ ቤታችን ገንዘብ እንነጋገር፤ እኔም የምነግርህ አለኝ» በይው። የመጨረሻዋን ሐረግ አትተዪ፤ ያለ እሷ ሊከሰስ እንደ ተጠራ ሰው መልሱን አዘጋጅቶ ይመጣል። ቀኑ ሲደርስ፦ «ከእንዲህ ያለው ወር (የከፈትሽበትን ወር ጥሪ) ጀምሮ አንተ የማታውቀው ሒሳብ አለኝ፤ ያለበት ይህን ያህል ነው። ዕዳው ሲመጣብን ፈርቼ ነው የከፈትሁት። ይቅር በለኝ።» እዚህ ላይ አቁሚ። ብዙዎች የሚያበላሹት ቀጥለው «ግን አንተም ያን ባታደርግ ኖሮ» ሲሉ ነው፤ ያኔ ይቅርታው የክስ መግቢያ ይሆናል። ቢቆጣ ይቆጣ፤ የሱን ጥፋት በዚያው ቀን አትጠይቂ።

በሌላ ቀን ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። ጌታችን በሉቃስ 14፥28 ስለ ግንብ ሠሪው ሲናገር «አስቀድሞ ተቀምጦ» ኪሳራውን ይቈጥራል ብሏል፤ እናንተ እስካሁን የቆጠራችሁት በር ላይ ቆማችሁ፣ አንዳችሁ ልትወጡ ስትሉ ይመስለኛል። የሚገባውን፣ በየወሩ የግድ የሚወጣውን፣ ዕዳውን (ለማን፣ ስንት ቀረ፣ መቼ ያልቃል) ጻፉ። ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ የሚቀረው ለዘመድ የተገባ ቃል ነው፤ ሒሳቡን የሚያፋልሰውም እሱ ነውና እያንዳንዳችሁ ቃል የገባችሁትን ሁሉ አውጡ።

ከዚያ ክፍፍሉ ይመጣል። የሁለታችሁ ገቢ ተደምሮ 100 ቢሆን፣ ለምሳሌ 10 ለአሥራት፣ 55 ለቤት፣ 15 ለዕዳ፣ 8 ለመጠባበቂያ፣ 6 ለዘመድ እርዳታ፣ 3 ለእሱ፣ 3 ለአንቺ። ቁጥሮቹን እንደ ቤታችሁ ቀይሩ፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት መደቦች ግን አትሰርዙ። ለእያንዳንዳችሁ የተለየው 3 ለምን ዋለ ተብሎ አይጠየቅበትም። ቆጣቢው ዘበኛ ከመሆን፣ ለጋሹ እንደ ልጅ ከመለመን የሚያርፉት በእሱ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በኤፌሶን መልእክት ድርሳኑ «የእኔ» እና «የአንቺ» የሚሉት ቃላት ከትዳር ይውጡ ብሎ አስተምሯል። ይህ መደብም የግል ሀብት አይደለም፤ ከቤቱ ገንዘብ ለእያንዳንዳችሁ በአደራ የተሰጠ ነው።

ከ3 በላይ የሆነ ወጪ ሁለታችሁ ሳትስማሙ አይውጣ፤ ብድርና ዋስትና ደግሞ ተስማምታችሁም ቢሆን አንድ ሌሊት ይደር። የዘመድ መደብ ሲያልቅ መልሱ «ለዚህ ወር አልቻልንም» ይሁን። ባለቤትሽ «እሷ አልፈቀደችም» ካለ ግን ሥርዓቱ በአንድ ወር ይፈርሳል፤ አንቺ በቤተሰቡ ዘንድ ክፉ ትሆኛለሽ፣ እሱም ስምሽን ለማደስ ሲል ተደብቆ መስጠት ይጀምራል።

የደበቅሽው ገንዘብስ? በሁለታችሁ ስም ይዙር። የአንድ ወር የቤት ወጪ የሚሆነውን አስቀሩና የተረፈውን ለዕዳው ክፈሉ። ሁሉንም ለዕዳ አታፍስሱ፤ ባዶ እጃችሁን ሳላችሁ ሕመም ቢመጣ ሌላ ብድር ትገባላችሁ።

በአሥራቱ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ፤ ሚልክያስ 3፥10 ዕዳ የሌለበት ሰው ብቻ ያውጣ አይልም። ከአሥራት በላይ የሆነው ልግስና ግን ዕዳው እስኪያልቅ ሊቆይ ይችላል፤ የአበዳሪውን ገንዘብ ይዞ ለጋስ መሆን አይቻልምና። ጌታችን በማርቆስ 7፥11-13 ወላጁን ሳይረዳ «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ የሚለውን ነቅፏል፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8ም ለቤተ ሰቡ የማያስበውን ከማያምን ሰው የከፋ ይለዋል። አንቺ እስክትቀበዪው ድረስ እሱ ከራሱ ደመወዝ፣ አንቺ እያወቅሽ ያውጣ። ካንቺ ድርሻ በግድ አይነሣ፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7 «በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» ይላልና።

ስለ ኩርፊያው፦ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» (ኤፌሶን 4፥26) ሲል ሒሳቡ ሳያልቅ አትተኙ ማለት አይደለም። እኩለ ሌሊት ላይ ደክሟቸው ሒሳብ ሲተሳሰቡ የበለጠ የሚጣሉ አሉ። ጉዳዩ ይደር፣ ቁጣው አይደር። የሚያቆመው ሰው ቀጠሮ ይስጥ፦ «አሁን ተቆጥቻለሁ፤ ነገ ጠዋት ከጸሎት በኋላ እንጨርሰው።» ቀጠሮ የሌለው ዝምታ ነው ኩርፊያ የሚባለው። በዚያ ምሽት ሰላምታው፣ ማዕዱና ጸሎቱ አይቋረጥ፤ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥7 በባልና ሚስት አኗኗር ምክንያት ጸሎት እንደሚከለከል ያስጠነቅቃል።

ከቁርባን የሚያርቃችሁ በገንዘብ አለመግባባታችሁ ሳይሆን ቂሙ ነው። ማቴዎስ 5፥23-24 መባህን ትተህ ሂድና ታረቅ ካለ በኋላ ተመለስ ይላል፤ እናንተ ግን መባውን ትታችሁ ሳትታረቁ ወራት ተቀመጣችሁ። ታርቃችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። እዚያ ስትደርሺ ስለ ሒሳቡ ብቻ ተናገሪ፤ ዋስትናውን እሱ ራሱ ይነግራቸዋል።