ቀስ እያለ የሚያስፈራ ፊልም ልትሠሩ ላሰባችሁ

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ፊልም ኤዲት በማድረግ ነው። አሁን ወጣቶች ስክሪፕታቸውን እንዳነብላቸው ሲሰጡኝ ደስ ይለኛል። ከሚደርሱኝ የሆረር ስክሪፕቶች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። አንድ ቤተሰብ አለ። ከውጭ ሲታይ ሰላም ነው። ውስጥ ውስጡን ግን ለማንም የማይነገር ገመና ይዟል። ነገሩ ቀስ እያለ ይግላል፤ መጨረሻ ላይ ይፈነዳል።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። አብሮን የሚበላውንና የሚያድረውን ሰው ለካ አናውቀውም ብሎ ማሰብ ከየትኛውም ጭራቅ በላይ ያስፈራል። ግን አብዛኞቻችሁ ጉልበታችሁን በሙሉ የምታፈሱት ምስጢሩ ላይ ነው። ማንም የማይገምተው ነገር ለማግኘት ወራት ትፈጃላችሁ። ምስጢሩ እኮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሮ ያልቃል። ተመልካቹን ወንበሩ ላይ ይዞ የሚያቆየው ቤተሰቡ ያንን ዓረፍተ ነገር ላለመናገር የሚያደርገው ነገር ሁሉ ነው። ሥራችሁን ከዚያ ጀምሩ።

ስክሪፕቱን ከመጻፋችሁ በፊት የሆነውን ነገር አንድ ገጽ ላይ ሳትደብቁ አስፍሩት። ማን ምን አደረገ? ማን አየ? ከዚያ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ምን ያህል እንደሚያውቅ ለዩ። እናት ሁሉንም ታውቃለች እንበል። አባት ግማሹን ያውቃል፤ የቀረውን ግን መጠየቅ አይፈልግም። ትልቋ ልጅ ሕፃን ሳለች አንድ ሌሊት የሰማችው ድምፅ አለ፤ ምን እንደነበር አታውቅም። ትንሹ ምንም አያውቅም፤ የትኛው ጥያቄ እናቱን እንደሚያስቆጣ ግን ከተማረ ቆይቷል። አሁን አራቱን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጧቸው። ተራ ወሬ እንኳ ማስፈራት ይጀምራል። እናትየው ለምን ቶሎ ብላ ወሬውን እንደቀየረች እናንተም ተዋናይዋም ታውቃላችሁ። ተመልካቹ ባያውቅም ይሰማዋል።

ምስጢር ያለበት ቤት የራሱ ሕግ አለው። ማንም አልጻፈውም፤ ሁሉም ግን ያከብረዋል። አንድ ስም አይጠራም። አንድ በር ሲመሽ ይቆለፋል። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፎቶዎች መሃል የአንዱ ቦታ ባዶ ነው፤ የሚስማሩ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። እነዚህን አታስረዱን። ሰዎቹ ሕጉን ሲያከብሩ አሳዩን፤ ይበቃል። ተመልካቹ መጀመሪያ ላይ ልብ አይልም። ሲደገም «ምንድነው ነገሩ?» ይላል። ከዚያ አንድ ሰው ሕጉን ይጣስ። የተቆለፈው በር አንድ ማለዳ ገርበብ ብሎ ይገኝ። አንዲት ጠብታ ደም ሳታሳዩ አዳራሹ ጸጥ ሲል ታያላችሁ።

ምስጢሩን እስከ መጨረሻ የመደበቅ ግዴታም የለባችሁም። ዝነኛው የፊልም ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ ይህንን በቦምብ አስረድቶታል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ፤ ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ የምታገኙት የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው። ቦምቡ መኖሩን አስቀድሞ ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ የ15 ደቂቃ ጭንቀት ይሆናል። እናንተም ፊልሙ መሃል ላይ ሲደርስ የምስጢሩን ግማሽ ለተመልካቹ ስጡት። ትንሹ ልጅ ግን አይወቅ። ከዚያ በኋላ ልጁ ወደዚያ በር በሄደ ቁጥር ተመልካቹ በልቡ «አትግባ፣ አትግባ» ይላል።

ስለ ዝግታ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ሙያዬ እሱ ነውና። አንድ ገጸ ባህሪ ከክፍል ይወጣል። ካሜራው ግን አይከተለውም፤ ባዶውን ክፍል ማየቱን ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ የተመልካቹ ዓይን ሥራ ይጀምራል። መጋረጃውን ይፈትሻል፣ ጥጉን ያያል፣ ወደ በሩ ይመለሳል። ፍርሃቱን ራሱ እየሠራው ነው። ይህ የሚሆነው ግን የሚፈልገውን ነገር ቀደም ብላችሁ ከሰጣችሁት ብቻ ነው። ምንም ሳታዘጋጁ ካሜራውን ኮሪደር ላይ ብታቆሙት ተመልካቹ ስልኩን ያወጣል። እውነቱን ነው፤ አልፈርድበትም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ፊልም ከፈጣኑ ይልቅ ብዙ ነገር መያዝ አለበት። በእያንዳንዱ ሲን፣ ማለትም በእያንዳንዱ ትዕይንት፣ አንድ ሰው አዲስ ነገር ማወቅ፣ ወይም የባሰ ውሸት መዋሸት፣ ወይም ካሉት መውጫዎች አንዱን ማጣት ይኖርበታል። የምትጠራጠሩት ሲን ካለ አውጡትና ፊልሙን ያለ እሱ እዩት። ምንም ካልጎደለባችሁ፣ ለመቅረጽ የቱንም ያህል ብትለፉ፣ አትመልሱት።

ድምፅ ላይ ደግሞ አደራ እላችኋለሁ። ብዙ ጀማሪዎች ሙዚቃን ቶሎ ያመጣሉ። ሙዚቃው «አሁን ፍሩ» ይላል፤ ሰው ደግሞ ፍራ ሲሉት አይፈራም። መጀመሪያ ቤቱን ስሙት። እያንዳንዱ ክፍል ባዶ ሲሆንም የራሱ ድምፅ አለው። ቀረጻ ስትጨርሱ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ እንዲቆም አድርጉና ያንን ድምፅ ለብቻው ቅዱት። ኤዲቲንግ ላይ ስትደርሱ ታመሰግኑኛላችሁ። ከመጀመሪያው ሲን ጀምሮ የማቀዝቀዣው ድምፅ በስሱ ሲሰማ ቆይቶ፣ እናትየው በምትዋሽበት ቅጽበት ድንገት ቢጠፋ፣ ተመልካቹ ምን እንደተለወጠ ሳያውቅ ይጨነቃል።

እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣውን «ካት ፒፕል» ፈልጋችሁ እዩት። ዳይሬክተሩ ዣክ ቱርነር፣ ፕሮዲውሰሩ ቫል ሉተን ናቸው። አንዲት ሴት በሌሊት ብቻዋን ትሄዳለች። ከኋላዋ የጫማ ኮቴ ይሰማል። ከዚያ ኮቴው ይጠፋል። እሷ ትፈጥናለች፣ ትሮጣለች። ድንገት የአውሬ ድምፅ የሚመስል ነገር ያፏጫል፤ አውቶቡስ ነው፣ ከአጠገቧ ቆመ። ዛሬም ሰው ያስደነግጣል። ዛሬ በየፊልሙ የምናየው ድንገተኛ ጩኸት የዚህ አውቶቡስ ልጅ ነው፤ ልጆቹ ግን ከአውቶቡሱ በፊት የነበረውን ረጅም ዝምታ ረስተዋል።

ሮበርት ዋይዝ የሚባል ኤዲተር ዳይሬክተር የሆነው በሉተን ቡድን ውስጥ ነው። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1963 «ዘ ሀንቲንግ»ን ሠራ። በዚያ ፊልም መንፈሱ አንድም ጊዜ አይታይም። በር ይደበደባል፤ ከእንጨት የተሠራው በር እንደሚተነፍስ ደረት ወደ ውስጥ ይለጠጣል። በቃ። ከኤዲቲንግ ክፍል የወጣ ሰው እንደዚህ መሥራቱ አይገርመኝም። ምን ማሳየት እንደሌለበት ሲወስን የኖረ ሰው ነው።

አሁን ከምንም በላይ የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። የቤተሰብ ገመና ስትሉ ብዙ ጊዜ የምታነሡት የተደፈረ ልጅ፣ የተደበደበች ሚስት ወይም የአእምሮ ሕመም ነው። አዳራሹ ውስጥ ይህንን የኖሩ ሰዎች ይቀመጣሉ። የእነሱን ቁስል የመጨረሻ ደቂቃ ማስደንገጫ አታድርጉት። የተጎዳው ሰው በፊልማችሁ ውስጥ ስም፣ ፍላጎት፣ የራሱ ሐሳብ ይኑረው፤ የእንቆቅልሽ መልስ ብቻ ሆኖ አይቅር። «ለካ እብድ ነበረች» ብሎ የሚያልቅ ታሪክ ደግሞ በግልጽ እላችኋለሁ፣ ስንፍናም ጭካኔም ነው። የታመመን ሰው ተመልካች እንዲፈራ ታስተምራላችሁ።

ሕፃን ተዋናይ ካላችሁም እውነተኛ ፍርሃት ለመቅረጽ ብላችሁ አታስፈራሩት። የሚሠራው ጨዋታ መሆኑን ንገሩት፤ ጭራቁን ሜካፑን ሲቀባ አሳዩት። ወላጁ አጠገቡ ይሁን። የልጁን ፊት በአንድ ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ በቀረጸው አንድ ምስል)፣ የሚያየውን ነገር በሌላ ሾት ቀርጻችሁ ስታገናኙት ፍርሃቱ በቅንብር ይመጣል። ኤዲቲንግ ያለው ለዚህ ነው።

ምስጢሩ ሲወጣ በአጭሩ ይውጣ። «ሳይኮ» እንኳ፣ እ.ኤ.አ. የ1960ው የሂችኮክ ፊልም፣ መጨረሻው ላይ ሐኪም ቆሞ ሁሉን ያብራራል፤ ለእኔ ደካማው ቦታ እሱ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ገዳዩ ወጣት ብቻውን ተቀምጦ ካሜራውን ሲያይ ያለው ሾት ከማብራሪያው ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ ለገለጻ ያሰባችሁትን ጊዜ ለሰዎቹ ስጡ። እውነቱ ታውቋል፤ ታዲያ ትልቋ ልጅ ትሄዳለች ወይስ ትቀራለች? አባትየው አሁንም አላየሁም ይላል? ምስጢሩን የመጨረሻው ደቂቃ ላይ ካወጣችሁት ለዚህ ቦታ አይተርፋችሁም።

ፊልሙን ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ታሪኩን ለማያውቁ ጥቂት ሰዎች አሳዩ። እናንተ ከጎን ተቀመጡ፤ ስክሪኑን ሳይሆን ፊታቸውን እዩ። የት ላይ እንደሚያስሉ፣ የት ላይ እንደሚንቀሳቀሱ፣ የት ላይ እንደሚደርቁ በደቂቃ መዝግቡ። ሲያልቅ «ወደዳችሁት?» አትበሏቸው፤ በይሉኝታ አዎ ይሏችኋል። «እዚህ ቤት አንድ ችግር እንዳለ መጀመሪያ የታወቃችሁ የት ላይ ነው?» በሏቸው። የመጀመሪያዎቹን የጠረጴዛ ሲኖች ከጠሩላችሁ ወደ ድምፁ ሥራ እለፉ። ምስጢሩ የወጣበትን ሲን ከጠሩላችሁ ግን ወደ ኤዲቲንግ ክፍል ተመለሱ፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እንደገና ትሠሩታላችሁ።