«ዮርክ» ሲባል የቱ ዮርክ? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በሰሜን እንግሊዝ ስላለችው ስለ ዮርክና ስለ ስሟ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው እንደ ጉድ ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኒው ዮርክ የተሰየመችው በዚችው ከተማ ነው አይደል?

መልስ፦ በቀጥታ አይደለም። እንግሊዞች በ1664 ኒው አምስተርዳምን ከሆላንዶች ሲቀሙ ስሙን ያወጡት ለንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ወንድም ለጄምስ ክብር ነው። ጄምስ ማዕረጉ «የዮርክ መስፍን» ነበር። መስፍን ሲባል ከተማዋን የሚገዛ እንዳይመስላችሁ፤ በልማድ ለንጉሥ ሁለተኛ ልጅ የሚሰጥ የክብር ስም ነው። ቶሮንቶም ከ1793 እስከ 1834 ዮርክ ነበር የምትባለው፣ እሷ ደግሞ በሌላ የዮርክ መስፍን።

ጥያቄ፦ ቃሉ ትርጉም አለው ወይስ ዝም ብሎ ስም ነው?

መልስ፦ አለው፣ ግን ብዙ አፍ ዞሮበታል። ሮማውያን በ71 ምሽግ ሲቆረቁሩ ኤቦራኩም አሉት። ስሙን የወሰዱት ከአገሬው ሰው ነው፤ ብዙ ሊቃውንት የሚቀበሉት ፍቺ «ዩ የሚባል ዛፍ የበዛበት ቦታ» የሚለው ነው (ዩ ጥድ የሚመስል ዛፍ ነው፣ እንግሊዝ አገር ከቤተ ክርስቲያን ግቢ አይጠፋም)። ቀጥለው የመጡት አንግሎ ሳክሶኖች (የዛሬዎቹ እንግሊዞች አያቶች) ቃሉን ወደ ራሳቸው ቋንቋ ጠምዝዘው ኤዎፎርዊክ አደረጉት፣ የከርከሮ ከተማ እንደማለት። በ866 ከስካንዲኔቪያ በባሕር የመጡት ቫይኪንጎች ሲይዟት ደግሞ ለአፋቸው እንዲቀና ዮርቪክ አሏት። ከዚያ እያጠረ እያጠረ ዮርክ ሆነ። ዛፉም ከርከሮውም በመሀል ቀሩ።

ጥያቄ፦ ቆስጠንጢኖስ የነገሠው ዮርክ ነው ሲባል ሰማሁ። የእሌኒ ልጅ?

መልስ፦ እሱው ራሱ! አባቱ ለዘመቻ መጥቶ በ306 እዚሁ አረፈ፣ ሠራዊቱም ጊዜ ሳይፈጅ ልጁን ንጉሠ ነገሥት ብሎ አወጀ። ዛሬ ከካቴድራሉ ጎን የነሐስ ሐውልት አለው፤ ወንበሩ ላይ ዘና ብሎ ጫፉ የተሰበረ ሰይፉን ያያል። ሰው ሁሉ ሥሩ ቁጭ ብሎ ሳንድዊች ይበላል እንጂ ማን መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ከዚያ ትንሽ በእግር ስትሄዱ ሴንት ሄለንስ የሚባል አደባባይ ታገኛላችሁ። ሄለን የኛዋ እሌኒ ነች፤ አደባባዩ ስሙን ያገኘው አጠገቡ በስሟ ከተሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። ደመራ በመጣ ቁጥር ስሟን ለምንጠራ ሰዎች ደስ የሚል ነገር ነው። እሷ ራሷ ዮርክ መጥታለች የሚላችሁን ግን አትመኑ፣ ማስረጃ የለውም።

ጥያቄ፦ የከተማዋ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ካቴድራል ነው ወይስ ሚንስተር? ሁለቱንም አየሁ።

መልስ፦ ሁለቱም ነው። የሊቀ ጳጳሱ መንበር ስላለበት ካቴድራል ነው። ሚንስተር የጥንት ስሙ ነው፤ በአንግሎ ሳክሶን ዘመን ለስብከት የተቋቋሙ ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት እንዲያ ይባሉ ነበር። የከተማው ሰው «ሚንስተሩ» ነው የሚለው። «ካቴድራሉ የት ነው?» ካላችሁ ያሳዩአችኋል፣ እንግዳ መሆናችሁንም ያውቁባችኋል። የአሁኑ ሕንፃ 1220 አካባቢ ተጀምሮ በ1472 ነው ያለቀው። እኛ ኮንዶሚኒየም ዘገየ ብለን እናማርራለን!

ጥያቄ፦ ሊቀ ጳጳሱ ሲፈርም «ኤቦር» የሚለው ምንድን ነው?

መልስ፦ ኤቦራኩም ሲያጥር ነው። ኡጋንዳ የተወለዱት ጆን ሴንታሙ ከ2005 እስከ 2020 በዚህ መንበር ሲቀመጡ «ሴንታሙ ኤቦር» ብለው ይፈርሙ ነበር። የሮማውያኑ ስም በሕይወት ያለው እዚህ ፊርማ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ዮርክ ሄጄ አድራሻ ፈልጌ ዞረብኝ። «ጌት» የሚባለው ሁሉ በር የለውም!

መልስ፦ አይኖረውማ። ጌት በዛሬ እንግሊዝኛ በር ቢሆንም፣ እዚህ ግን የቫይኪንጎች ቃል ነው፣ ጎዳና ማለት። እውነተኛው የከተማዋ ቅጥር በር «ባር» ይባላል። ቢራ ካማራችሁ ፐብ በሉ። ሚክልጌት ባር ማለት እንግዲህ የትልቁ ጎዳና በር ማለት ነው። በዚህ በር ላይ በ1460 የማን ጭንቅላት ተሰቀለ? የዮርክ መስፍን የሪቻርድ! ዘውዱን ልውሰድ ብሎ ጦርነት ገጥሞ ዌክፊልድ ላይ ተሸነፈና ተገደለ፣ ጠላቶቹም ለፌዝ የወረቀት ዘውድ ደፍተውለት ማዕረጉ ወደሚጠራባት ከተማ ላኩት። በዓመቱ ልጁ ኤድዋርድ ነገሠና የአባቱን ጭንቅላት አስወረደ።

ጥያቄ፦ ሊድስ የሚኖር ዘመድ አለኝ፣ ዮርክ ነው የሚኖረው ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም። ሊድስም ሼፊልድም ያሉት ዮርክሻየር ውስጥ ነው። ዮርክሻየር ሰፊው አካባቢ፣ ዮርክ አንዷ ከተማ። የሊድስ ሰው ይቀየማችኋል።

ጥያቄ፦ ከለንደን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ከለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ባቡሩ የሚፈጀው 2 ሰዓት ገደማ ነው። ሚንስተር ጎብኚን ያስከፍላል፣ ለጸሎት ለሚገባ ግን ነፃ ነው። ቅጥሩ ላይ መራመድም አይከፈልበትም። ትኬት ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፣ የዕለቱ ዋጋ ያቃጥላል።