መስኮቱን እንዳይፍቀው!

የ14 ወር ልጅሽ ደም ውስጥ ሊድ (እርሳስ፣ በአሮጌ የቤት ቀለም ውስጥ የሚገኝ መርዛማ ማዕድን) 6 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ተገኘ፣ የመስኮታችሁ ቀለም ይላጣል፣ ባለቤትሽ ደግሞ «ቅዳሜ ፍቄ አዲስ እቀባዋለሁ» ብሏል። እህቴ፣ መጀመሪያ እሱን አስቁሚው። የቀረውን ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

1. እንዳይፍቀው። እኔ ፍቄያለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አሮጌ አፓርትመንት ተከራይተን ሳለ ልጄ ዓመት ሲሞላት 7 ተገኘባት። አገር ቤት ቀለም ቀቢ ነበርኩና ሙያው አለኝ ብዬ ብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ። ሦስቱንም መስኮት ፋቅኳቸው። አቧራው እንደ ዱቄት ቦነነ። እሷ ምንጣፉ ላይ እየዳኸች ጣቷን ትጠባለች። ሚስቴ «አልበዛም?» ስትለኝ «እጠርገዋለሁ» አልኳት። በደረቅ መጥረጊያ! ከወር በኋላ 7ቱ 19 ሆነ። ነርሷ ደውላ «ቤት ውስጥ እድሳት ነበር?» ስትለኝ አንደበቴ ተሳሰረ።

ችግሩ የተላጠው ብቻ አይደለም። መስኮቱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እንጨቱ ሲፋተግ አቧራ ያወጣል። አሜሪካ ለቤት የሚሆን የሊድ ቀለም የከለከለችው በፈረንጆች 1978 ነው፤ ቤታችሁ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ተጠራጠሪ።

2. ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቂ። እኔ የአፓርትመንቱ ቢሮ ሦስት ጊዜ በእግሬ ሄጃለሁ። ሴትየዋ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «ከአገራችሁ ያመጣችሁት ቅመም ይሆናል» አለችኝ። ደሜ ፈላ። (እውነቱን ለመናገር ነርሷም ስለ ቅመምና ስለ ኩል ጠይቃናለች። አንዳንድ ኩል ሊድ አለበት። እናቴ የላከችው ነበረን፤ ያን ቀን ጣልነው። ሴትየዋ ግን ያን ያለችው እኔን ለመገላገል ነው።) ማታ ውሉን አውጥቼ ሳይ ስለ ሊድ የሚናገር ገጽ አለው፤ ሳናነብ ፈርመንበታል። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት አከራዩ ስለ ሊድ የሚያውቀውን የመግለጽ ግዴታ አለበት። የላብራቶሪውን ውጤት አያይዤ ኢሜይል ላክሁ። ያቺው ሴትዮ በሳምንቱ «ሚስተር» ብላ ጠራችኝ! ፈቃድ ያላቸው ሠራተኞች መጥተው ክፍሉን በፕላስቲክ ሸፍነው መስኮቶቹን ቀየሩ።

3 ብዬ ስለ ጽዳት ልጽፍ ነበር፤ አጭር ነው። የመስኮቱን ደፍና ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውይ፣ ጫማ በር ላይ ይቅር፣ ከመብላቷ በፊት እጇን እጠቢያት። ምስርና ወተት አታጓድዪባት፤ ብረትና ካልሲየም ያነሰው ልጅ ሊዱን ይበልጥ ይስበዋል። 6ቱ ከጣት በተወሰደ ደም ከሆነ ከክንድ ይድገሙላት፤ ጣቷ ላይ ያለ አቧራም ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ከ45 ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ምንጩን ማስወገድና መጠበቅ ነው፤ መጠበቁ ደግሞ ያንገበግባል። የእኔዋ ከ3 በታች እስክትወርድ ሁለት ዓመት ፈጀባት።

ባለቤትሽ እምቢ ካለ ኢንቦክስ አድርጊልኝ። ስልኬን እሰጥሻለሁ፤ እኔ ላናግረው።