መስኮቱ ለምን ይደርቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሰርቨር የሚመጣ መረጃ ተቀብሎ ሠንጠረዥ ላይ የሚያሳይ የዊንዶውስ ፎርምስ ፕሮግራም በሲ ሻርፕ እየሠራሁ ነው። «ተገናኝ» የሚለውን ቁልፍ ስጫን መስኮቱ ድርቅ ይላል። መቀበያውን ሌላ ትሬድ (ለብቻው የሚሄድ የሥራ መስመር) ላይ ሳደርገው ደግሞ ሠንጠረዡን ሲነካ ስህተት ያወጣል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መስኮቱን የሚስለውም ጠቅታህን የሚቀበለውም አንድ ትሬድ ነው። አንተ ያንኑ ትሬድ ኔትወርክ አስጠብቀኸዋል። ከኔትወርክ የሚያነበው ትእዛዝ፣ ሪድ፣ ደግሞ ባይት እስኪደርስ አይመለስም። ጠቅታው ሁሉ ወረፋ ይይዛል፤ 5 ሰከንድ ገደማ ሲያልፍ ዊንዶውስ መስኮቱን ያደበዝዝና «ምላሽ አይሰጥም» ይላል።

ሪድን ትሬዱን ሳይዝ በሚያነበው በሪድአሲንክ ተካው፤ ከፊቱ አዌይት («ትሬዱን ለቀህ ጠብቅ» እንደማለት ነው) ጻፍ። ትሬዱ ወደ ሌላ ሥራው ይመለሳል። መረጃው ሲደርስ ኮድህ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ያውም እዚያው የመስኮቱ ትሬድ ላይ። ሠንጠረዡን መንካት ያለበት ይኸው ትሬድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ብትነካው ችግር የለም፤ ሁለተኛው ስህተትህም አብሮ ይፈታል። የግድ ሌላ ትሬድ ካስፈለገህ ሠንጠረዡን የሚነካውን ክፍል ብቻ በቢጊንኢንቮክ ወደ መስኮቱ ትሬድ ላከው።

ዱኢቨንትስን (ወረፋ የያዙ ጠቅታዎችን በሥራ መሃል የሚያስተናግድ ትእዛዝ) ሉፕ ውስጥ፣ ማለትም በሚደጋገመው የንባብ ዙር ውስጥ፣ ጨምር የሚልህ ሰው ካለ ግን አደራ፣ እንዳትሰማው። እኔ ከሚዛን ክብደት የሚቀበል ፕሮግራም ላይ አድርጌው ነበር። መስኮቱ ተንቀሳቀሰ፤ ደስ አለኝ። ተጠቃሚዋ የዘገየ መስሏት «ተገናኝ»ን ደግማ ተጫነች። የመጀመሪያው ሉፕ ሳያልቅ ሁለተኛው እላዩ ላይ ተጀመረ። ሁለተኛው ሲያልቅ የመጀመሪያው ቀጠለና የተጠራቀመውን ክብደት እንደገና መዘገበው። ድግግሞሹን መስመር በመስመር ሳጠፋ አመሸሁ። በአዌይትም ቢሆን ይኼ ሊገጥምህ ይችላል፤ ቁልፉ እንደተጫነ ድጋሚ እንዳይጫኑት ወዲያው ዝጋው፣ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ክፈተው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፦ ሰርቨሩ 100 ባይት ስለላከ 100ው በአንዴ ይደርስሃል ማለት አይደለም። መረጃው በኔትወርክ የሚጓዝበት ደንብ፣ ቲሲፒ፣ እንደ ቧንቧ ውኃ ነው፤ የመልእክት ድንበር አያውቅም። መጀመሪያ 60 መጥቶ 40ው ሊከተል ይችላል። ሰርቨሩም የአንተ ከሆነ ከእያንዳንዱ መልእክት በፊት ርዝመቱን በ4 ባይት ይላክ፤ አንተም ያ ርዝመት እስኪሞላ አጠራቅም።

ሪድአሲንክ 0 ሲመልስ ሰርቨሩ ዘግቷል ማለት ነው። ከሉፑ ውጣ። ካልወጣህ የሚጠበቅ ነገር ስለሌለ ሉፑ ሳያርፍ ይሽከረከራል፤ መስኮቱም ተመልሶ ይደርቃል።